«አፈር አልዛቅሁም፤ ሞተር ነበር የምጠግነው»፦ የኤኒዌታክ ጽዳት ወታደሮችና የካንሰር ካሳ

ጥያቄ፦ አማቴ አሜሪካዊ ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978 የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ በባሕር ኃይል የጀልባ ሞተር መካኒክ ሆነው ኤኒዌታክ በተባለ የፓስፊክ ደሴት ስድስት ወር አገልግለዋል፤ የኒውክሌር ሙከራ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ሥራቸው አፈር የሚያመላልሱትን ጀልባዎች መጠገን ነበር። «ፊልትሮው እንደ ዱቄት ነጭ አቧራ ጠግቦ ይመጣል፤ ከጀልባው ጠርዝ ጋር እያጋጨን እናራግፈው ነበር» ይላሉ። በ2010 የሽንት ፊኛ ካንሰር ተገኘባቸው። በ2011 ካሳ ጠይቀው «የተመዘገበው የጨረር መጠን በሽታውን አያመጣም» ተብለው ተከለከሉ። አሁን ካንሰሩ ተመልሶ መጥቷል፤ በዚያ ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ተጨመረ። ባለቤቴ እንደገና እንዲያመለክቱ ስትለምናቸው «አፈሩን የዛቁት ሌሎች ናቸው፤ የእነሱን ድርሻ አልሻማም» ይሏታል። እውነት መካኒክ ለጨረር ይጋለጣል? ሰባ አምስት ሺህ ዶላር ይሰጣል ሲባልም ሰምተናል። ደግሞ ከዚያ ያመጡት ትልቅ ዛጎል ቤታችን አለ፤ ልጆቻችን ጆሯቸው ላይ አድርገው የባሕር ድምፅ ይሰሙበታል። ልጆቹን እናስመርምር?

ምላሽ፦ አማትዎ እንደገና ያመልክቱ፤ ነገ ዛሬ አይበሉ። በ2011 ጥያቄያቸው የተመዘነበት መንገድ ዛሬ ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው ተቀይሯል። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን በደብዳቤዎ ውስጥ የተደበላለቁ ነገሮችን መለየት ይኖርብኛል። ቤተሰቡ ነገሩን በተሳሳተ ስም ከጠራው ማመልከቻውም በተሳሳተ በር ይገባልና።

አማትዎ የኒውክሌር ሙከራ ላይ አልነበሩም። እሳቸው ሲደርሱ የመጨረሻው ቦምብ ከፈነዳ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። አሜሪካ ከ1946 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች ካካሄደቻቸው 67 ፍንዳታዎች 43ቱ የተካሄዱት በኤኒዌታክ ነው። ኤኒዌታክ አንድ ደሴት አይደለም፤ ወደ አርባ የሚጠጉ ዝቅተኛ የኮራል ደሴቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው መሐላቸው ሰፊ የባሕር ውሃ የከበቡበት ቦታ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1952 «ማይክ» የተባለው የሃይድሮጂን ቦምብ ሲሞከር ኤሉጌላብ የምትባለው ደሴት እንዳለች ጠፍታለች፤ ዛሬ በቦታዋ ያለው ውሃ የሞላው ጉድጓድ ነው። አማትዎ የተላኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ለመጥረግ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1988 ባወጣው ሕግ በከባቢ አየር ሙከራዎች ላይ የተገኙ ወታደሮች የተወሰኑ ካንሰሮች ሲይዟቸው ምክንያቱን ሳያስረዱ ካሳ እንዲያገኙ ሲፈቅድ፣ ጽዳቱን የሠሩት ከሕጉ ውጪ ቀሩ። ቦምቡን ከሩቅ ቆሞ ያየው ተካተተ፤ የቦምቡን አመድ ያነሣው ግን አልተካተተም። አማትዎ በ2011 የተከለከሉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ስለወደቁ ነው።

ጽዳቱ ለምን በወታደር ተሠራ የሚለውም ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ነው። የኤኒዌታክ ሰዎች በዲሴምበር 1947 ከቀያቸው ተነሥተው ኡጄላንግ ወደምትባል ጠባብ የደሴት ስብስብ ተወሰዱ፤ እዚያም ከሠላሳ ዓመት በላይ በችግር ኖሩ። አሜሪካ በ1972 ደሴቶቹን እንደምትመልስ ስታስታውቅ ማጽዳቱ ግዴታ ሆነ። ምክር ቤቱ የፈቀደው 20 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ይህ ገንዘብ ለግል ተቋራጭ የማይበቃ በመሆኑ ወታደሩ ከነደመወዙ፣ ከነቀለቡና ከነመሣሪያው ይምጣ ተባለ። ከ1977 እስከ 1980 ወደ 4,000 የሚሆኑ ወታደሮች፣ አብዛኞቹ ለስድስት ስድስት ወር፣ እየተፈራረቁ ሠሩ። በሥራው ላይ ስድስት ሰዎች ሞተዋል። የምድር ጦር መሐንዲሶች ሎጅዋ በምትባል ደሴት ሰፍረው አፈሩን ያነሣሉ፤ ባሕር ኃይሉ ጀልባዎቹን ይነዳል፤ የአየር ኃይሉ ቡድን መለኪያ ይዞ ደሴት ለደሴት ይከታተላል። ከእነዚህ በስተጀርባ የሄሊኮፕተር አብራሪው፣ ልብስ አጣቢው፣ ሐኪሙ፣ ነዳጅ ቀጂው፣ ምግብ አብሳዩና እንደ አማትዎ ያለው መካኒክ ነበሩ። ስለ ጽዳቱ ሲወራ ስማቸው የማይነሣው እነዚህ ናቸው፤ «እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም» የሚሉትም እነርሱው ናቸው።

የሚነሣው አፈር ምን ነበር? በብዙዎቹ ሰሜናዊ ደሴቶች ላይ ዋናው ችግር ፕሉቶኒየም ነው። ሩኒት በተባለችው ደሴት ላይ በኦገስት 1958 «ክዊንስ» የተባለ ሙከራ ከሸፈ፤ ቦምቡ እንደታሰበው ሳይፈነዳ ፕሉቶኒየሙን በአካባቢው በተነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ የመጣው የጽዳት ቡድን በሰንሰለት በሚሄድ ተሽከርካሪ ላይ የተገጠመ መለኪያ ይዞ መሬቱን እየለካ፣ በአንድ ግራም አፈር ውስጥ ከ400 ፒኮኩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ ነው) በላይ ፕሉቶኒየም የተገኘበት እንዲነሣ፣ ከ40 በታች የሆነው እንዲተው፣ በመካከል ያለው ደግሞ ደሴቷ ለመኖሪያ ነው ለእርሻ እየተባለ እንዲወሰን ተደረገ። የተነሣው አፈርና ፍርስራሽ ከ73,000 ኪዩቢክ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ በጀልባ ወደ ሩኒት ተጓዘ፤ «ካክተስ» የተባለው የ1958 ፍንዳታ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ ተሞላ፤ በላዩም 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው 358 የኮንክሪት ገጾች ጉልላት ተከደነበት። ከታች ግን ምንም አልተነጠፈለትም። ጉልላቱን ከሰማይ ያነሡት ፎቶግራፎች በኢንተርኔት ሞልተዋል፤ ዓይን የሚስበውም እሱ ነው። እኔ ግን ስለ አማትዎ ሳስብ የማየው አፈሩን በመንገድ ላይ ነው፦ ከዶዘሩ ወደ ሎደሩ፣ ከሎደሩ ወደ ገልባጩ፣ ከገልባጩ ወደ ጀልባው፣ ከጀልባው እንደገና ወደ ገልባጩ። አፈር በተገለበጠ ቁጥር አቧራ ይነሣል።

እዚህ ላይ ነው ፕሉቶኒየም ምን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው። የሚያወጣው አልፋ የሚባለውን ጨረር ነው፤ አልፋ ወረቀት ያቆመዋል፤ የሰው ቆዳም ያቆመዋል። ፕሉቶኒየም ያለበት አፈር ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር የሚደርስበት ነገር ትንሽ ነው። አደጋው የሚጀምረው ብናኙ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በተለይም ሲተነፈስ ነው። በቀላሉ የማይሟሟ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ወደ ደም የገባው ደግሞ በአብዛኛው አጥንትና ጉበት ላይ ያርፋል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ እስኪጠፋ የሚፈጀው ጊዜ፣ 24,100 ዓመት ስለሆነ በሰው ዕድሜ ልክ የሚቀንስ ነገር የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «አካፋ የያዘው ማን ነው?» ሊሆን አይችልም። አውድማ ላይ እብቅ የሚገባበት መንሽ የያዘው ብቻ አይደለም፤ ጆንያ የሚሸከመውም፣ በሬ የሚነዳውም፣ ነፋሱ ወደ እሱ ከዞረ ውሃ ይዞ የመጣውም ያስለዋል።

አማትዎ ስለ ፊልትሮው የተናገሩት ከደብዳቤው ሁሉ ይበልጥብኛል። የናፍጣ ሞተር ሲሠራ ብዙ አየር ይስባል፤ ፊልትሮው አየሩን አሳልፎ አቧራውን ያስቀራል። በጨረር ጥበቃ ሥራ አየር ምን እንደያዘ ለማወቅ የምንጠቀምበት መሣሪያም በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፦ አየር የሚስብ ሞተርና አቧራ የሚያስቀር ወረቀት። አማትዎ ሳያውቁት የአየር ናሙና መሰብሰቢያ እያጸዱ ነበር፤ ያውም ጠርዝ ላይ እያጋጩ፣ ፊታቸው ሥር እያራገፉ። ቀኑን ሙሉ የተሰበሰበ አቧራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተለቅቆ አየር ውስጥ ሲንሳፈፍ አጠገቡ ያለው መካኒኩ ነው። ጭምብል አድርገው እንደሆነ አልጻፉልኝም። ከዚያ ዘመን የቀሩትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ቁምጣ ለብሰው፣ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን የሚሠሩ ወጣቶችን ብዙ ጊዜ ያገኛል፤ ሙቀቱ ቢጫውን መከላከያ ልብስ ለብሶ ለመዋል የሚመች አልነበረም።

ይህን ስል ግን «ፕሉቶኒየም ውጠዋል» እያልሁ አይደለም። ያ ነጭ ዱቄት አብዛኛው ተራ የኮራል አሸዋ ነው። አፈሩ አቧራ እንዳያነሣ ውሃ ይረጭበት ነበር። ዋናው ሰፈር ያለበት ደቡቡ ክፍል ከሰሜኑ ይልቅ በጣም ንጹሕ ነው። መንግሥት በኋላ ያስጠናው የመጠን ግምትም የብዙዎቹ ወታደሮች መጋለጥ ዝቅተኛ እንደነበረ ይናገራል፤ እኔም ከውጭ ስለሚመጣው ጨረር የተባለውን ለመካድ ምክንያት የለኝም። የምጠራጠረው በአማካይ የተባለው ቁጥር አንድ ጀልባ ላይ፣ አንድ ጥግ ይዞ ፊልትሮ ሲያራግፍ ስለዋለ አንድ መካኒክ ይናገራል በሚለው ነው።

«የተመዘገበ መጠን» የሚባለው ነገርም እንዲሁ ነው። ወታደሮቹ ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ትንሽ የፊልም መለኪያ ነበር። ፊልሙ ጋማና ቤታ የሚባሉትን ከውጭ የሚመጡ ጨረሮች ያነባል፤ አልፋን አያይም፤ በአፍንጫ የገባውን ደግሞ ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ የደሴቶቹ ሙቀትና እርጥበት ብዙዎቹን ፊልሞች አበላሽቷቸዋል። እንግዲህ የአማትዎ መዝገብ ላይ የተጻፈው ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በቴርሞሜትር ሰው ለክቶ ትኩሳት የለውምና አልተመረዘም እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። በአሜሪካ ምክር ቤት የሃዋይ ተወካይ የነበሩት ማርክ ታካይ በ2015 የኤኒዌታክ ጽዳት ወታደሮች ከሙከራ ዘማቾቹ ጋር እኩል እንዲታዩ የሚል ረቂቅ አቀረቡ፤ በዓመቱ ራሳቸው በካንሰር ሞቱ። ነገሩ ሲንከባለል ቆይቶ ኦገስት 10 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ባይደን በፈረሙት ፓክት አክት በሚባለው ሕግ ውስጥ ገባ። ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1977 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1980 ባለው ጊዜ በኤኒዌታክ ጽዳት የተሳተፈን ወታደር ለጨረር እንደተጋለጠ ይቆጥረዋል። በ1966 ስፔን ፓሎማሬስ ላይ፣ በ1968 ደግሞ ግሪንላንድ ቱሌ አጠገብ ቦምብ የጫኑ አውሮፕላኖች ወድቀው የተበተነውን ፕሉቶኒየም የጠረጉትም በዚሁ ሕግ ተካተዋል። የአገራችን የሕግ ሰዎች «የሕግ ግምት» የሚሉት ነው፦ ሰውየው በዚያ ጊዜ በዚያ ሥራ ላይ እንደነበረና በሕጉ የካንሰሮች ዝርዝር ውስጥ ያለ ካንሰር እንደያዘው ካሳየ፣ ካንሰሩ ከአገልግሎቱ እንደመጣ ሕጉ ራሱ ይገምትለታል። የጨረር መጠን አይጠየቅም። አካፋ ይዞ እንደሆነ አይጠየቅም። አማትዎ «የሌሎችን ድርሻ አልሻማም» የሚሉትም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል፤ ካሳው ከአንድ ማሰሮ የሚቀዳ አይደለም፤ እሳቸው ስለወሰዱ የሚጎድልበት የጦር ጓድ የለም።

ሁለቱ ካንሰሮች ግን እኩል አይታዩም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለውም እዚህ ነው። የሽንት ፊኛ ካንሰር በዝርዝሩ ውስጥ ነው፤ ዝርዝሩ «የሽንት ቧንቧ አካላት» ሲል ኩላሊትንም ፊኛንም ይጨምራል። ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት፣ አንጎል፣ ጨጓራ፣ ትልቁ አንጀት፣ ታይሮይድና ቆሽትም አሉበት። ፕሮስቴት የለበትም። ለፕሮስቴት የሚቀርበው ጥያቄ በድሮው መንገድ ይሄዳል፤ ካሳውን የሚወስነው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጨረር መጠን ግምት ያሠራል፤ በዚያ ግምት ላይ ባለሙያ አስተያየት ይሰጣል፤ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ ክልከላ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አቅርቦ ጠንካራውን በደካማው ማዘግየት አይገባም። ፊኛው ይቅደም፤ የፕሮስቴቱ ነገር ከጠበቃ ጋር በተናጠል ይመከርበት።

አንድ እውነት ልጨምር፤ እንደ ባለሙያ ብደብቀው ያሳፍረኛል። ፕሉቶኒየም በባሕርዩ የሚያጠቃው ሳንባን፣ ጉበትንና አጥንትን ነው፤ ፊኛ ከዋና ዒላማዎቹ ውስጥ አይደለም። የፊኛ ካንሰር ዋናው መንሥኤ ሲጋራ ነው፤ የዚያ ዘመን ወታደር ደግሞ ብዙው ያጨስ ነበር። የአማትዎ ካንሰር ከኤኒዌታክ ነው የመጣው ወይ ብለው ቢይዙኝ ማንም ሳይንቲስት ለአንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊምል እንደማይችል ነው የምነግርዎ። ሕጉም የወጣው ይህን ስላወቀ ነው፦ መንግሥት መጠኑን በወጉ ሳይለካ ወጣቶችን ልኮ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የመለኪያ ወረቀት አምጡ ማለቱ ፍትሐዊ እንዳልሆነ ስለተቀበለ ነው። የሕግ ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ የሚችል መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ወደ መሥሪያ ቤቱ ዞሯል። አማትዎ ሲያጨሱ እንደነበረ ከተጠየቁ እውነቱን ይናገሩ፤ በሐሰት የታጀበ ጥያቄ ትክክለኛውንም ያበላሻል።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ቀድሞ ተከልክሎ የነበረ ጥያቄ እንደ አዲስ አይጻፍም፤ ተጨማሪ ጥያቄ በሚባለው ቅጽ 20-0995 ይቀርባል። የሕግ ለውጥ በራሱ ለመገምገሚያ በቂ ምክንያት ነው። የሚፈለጉት ማስረጃዎች ሦስት ናቸው፦ ካንሰሩን የሚያረጋግጥ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት፣ የስንብት ወረቀቱ፣ እንዲሁም በእርግጥ ኤኒዌታክ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር። ችግር የሚፈጥረው ሦስተኛው ነው። የስንብት ወረቀት ለጥቂት ወር የተላኩበትን ቦታ ብዙ ጊዜ አይጠቅስም። ሙሉውን የአገልግሎት መዝገብ ከሴንት ሉዊሱ ብሔራዊ የሠራተኛ መዛግብት ማዕከል ይጠይቁ፤ የምደባ ትእዛዞችና የሥራ ግምገማዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። «በ1973 ተቃጥሏል» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይደናገጡ፤ በዚያ እሳት የጠፉት የድሮ የምድር ጦርና የአየር ኃይል መዛግብት ናቸው፤ የባሕር ኃይሉ አልተነካም፤ አማትዎም ያኔ ገና ወታደር አልነበሩም። መዝገቡ እስኪመጣ ቤት ውስጥ ይፈልጉ። ለእናታቸው የጻፉት ደብዳቤ ከነማኅተሙ፣ ጀርባው ላይ ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ አብሯቸው የነበረ ጓድ በፊርማው የሚሰጠው የምስክርነት ቃል፣ ሁሉም ይያያዛል። የፊልትሮውንም ነገር በራሳቸው ቃል ይጻፉት፤ ለሕጉ ባያስፈልግም ለመዝገቡ ያስፈልጋል።

ጊዜ ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርዎ። ለማመልከት የመጨረሻ ቀን የለም። ይሁን እንጂ ክፍያ በአብዛኛው የሚታሰበው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ካንሰሩ ንቁ በሆነበትና ሕክምናው በሚካሄድበት ጊዜ፣ እንዲሁም ሕክምናው ካበቃ በኋላ ለስድስት ወር፣ የጉዳት ደረጃው መቶ በመቶ ሆኖ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጉዳት፣ ለምሳሌ ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሡ፣ ተመዝኖ ደረጃው ይስተካከላል። አሁን ካንሰሩ ተመልሶ ሕክምና ላይ ባሉበት ሰዓት አለማመልከት በየወሩ የሚፈስ ገንዘብ ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አማትዎ በዚህ በሽታ ቢሞቱ የሚመጣው ነው። በሽታው ከአገልግሎት ጋር እንደተያያዘ ከተወሰነ ለባለቤታቸው ዕድሜ ልክ የሚከፈል የተተኪ አበል አለ፤ ሳይወሰን ከሞቱ ግን ይህን ሁሉ ወረቀት የምትሰበስበው ሐዘን ላይ ያለች ሴት ናት። ሰውየው ለራሳቸው ካፈሩ ለሚስታቸው ይፈርሙ። ካሳው እስኪወሰን ሳይጠብቁም በዚሁ ሕግ መሠረት በቀድሞ ወታደሮች የሕክምና አገልግሎት መመዝገብ ይችላሉ።

ስለ ሰባ አምስት ሺህ ዶላሩ፦ ያ ሌላ ሕግ ነው። በ1990 የወጣው የጨረር ተጋላጮች ካሳ ሕግ በከባቢ አየር ሙከራ ላይ ለተገኙ፣ በሙከራ ቦታ ነፋስ ሥር ለኖሩና በዩራኒየም ማዕድን ለሠሩ ነው። በ2025 ታድሶ ክፍያው ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ሲልም የኤኒዌታክ ጽዳት ወታደሮች በዚያ ውስጥ የሉም። «እኔ አስወጣላችኋለሁ፤ ሃያ በመቶ ስጡኝ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ይዝጉበት። በየካውንቲው ያሉት የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ሹሞችና እንደ አሜሪካን ሌጅን ያሉት ማኅበራት ማመልከቻውን በነጻ ይሠራሉ።

የሽንት ፕሉቶኒየም ምርመራ በግል ከፍላችሁ እንዳታሠሩ። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ እጅግ ረቂቅ በሆነ መሣሪያ ካልሆነ የሚገኝ ነገር የለም፤ ቢገኝም ከቦምብ ሙከራዎቹ በዓለም ዙሪያ ከወረደው ጨረር አዘል ብናኝ ለመለየት ያስቸግራል፤ ማመልከቻውም አይጠይቀውም።

ልጆቻችሁን አታስመርምሩ። ፕሉቶኒየም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ከፍንዳታው በኋላ የወለዷቸው ልጆች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጠንተው፣ ከወላጅ የወረሱት ጉዳት ጨምሮ አልታየባቸውም፤ የእነዚያ ወላጆች መጋለጥ ደግሞ በብዙ እጥፍ የከፋ ነበር። በእውነት የሚያስጨንቀኝ ልጅ ካለ እዚያው ደሴቶቹ ላይ የሚያድገው ነው። የኤኒዌታክ ሰዎች በ1980 ወደ ደቡቡ ደሴቶች ተመልሰዋል፤ ሰሜን ያለችው ኤንጄቢ የአባቶቹ ርስት የሆነችበት ወገን ግን እስከ ዛሬ እዚያ አልሰፈረም። የኮራል አፈር ያለው ፖታሲየም በጣም ጥቂት ስለሆነ ኮኮናቱ በምትኩ ከሙከራዎቹ የቀረውን ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይስባል። አማትዎ ስድስት ወር ሠርተው ወጡ፤ እነርሱ አገራቸው ነው።

ዛጎሉ የትኛው ደሴት ላይ እንደተለቀመ አማትዎን ይጠይቁ። ከሰፈራቸው አጠገብ ከደቡብ ከሆነ ብዙም አያሳስበኝም። ከሩኒት ወይም ከሰሜን ከሆነ ግን ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ከዛጎሉ ጋር ያስቀምጡና በምትኖሩበት ስቴት ያለውን የጨረር ቁጥጥር ቢሮ ደውለው እንዲለኩላችሁ ይጠይቁ። በኢንተርኔት የሚሸጡት ርካሽ መለኪያዎች አብዛኞቹ አልፋን ስለማያዩ «ንጹሕ ነው» ቢሏችሁ ዋጋ የለውም። እስከዚያ ድረስ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በተለይ ውስጡ ያለው አሸዋ በሚገባ ወጥቶ፣ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ። አትፋቁት፤ አትብሱት፤ ሰብራችሁም አትጣሉት። ተለክቶ ደህና ከተባለ ለልጆቹ ይመለስላቸው።